ቀን የጣሊያን፣ ማታ የሼኽ ዑመር

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ስለ ሊቢያው ዑመር አል ሙኽታር የተሠራ ፊልም አየሁና ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ቁርኣን የሚያስቀሩ ሽማግሌ ያን ያህል ዓመት ጣሊያንን ማስጨነቅ እንዴት ቻሉ? የሰቀላቸው ግራዚያኒ እኛ አገር የመጣው ራሱ ሰውዬ ነው? ከሆነስ፣ እዚያ የተሳካለት እዚህ ለምን አልተሳካለትም?»

አዎ፣ ራሱ ሰውዬ ነው። ሮዶልፎ ግራዚያኒ። ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ማርሻል ባዶሊዮም ከዚያ በፊት የሊቢያ ገዥ ነበር። ሁለቱም እጃቸውን ያፍታቱት እዚያ ነው። ጥያቄዎ ሁለት አገር ስለሚነካ መልሱ ረዘም ይላል፤ ቡናዎን ይዘው ይቀመጡ። እንዳያደናግርዎ፣ የሊቢያውን ዘመን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የእኛውን ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

እኔ ታሪክ አስተማሪ ነኝ። ስለ አርበኞች ባነሳሁ ቁጥር ተማሪዎቼ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ጀብዱ ነው። ማን ስንት ጣለ? ማን ከየትኛው ገደል ዘሎ አመለጠ? ሼኽ ዑመርን በዚህ ከለካናቸው ዋናው ነገር ያመልጠናል። ከእሳቸው የተሻለ ተኳሽ በዚያ አገር ሞልቶ ነበር። ጣሊያኖችን እንቅልፍ የነሳቸው የሰውዬው ጠመንጃ አልነበረም። መንግሥትነታቸው ነው።

ይህን ለመረዳት ዛዊያን ማወቅ ያስፈልጋል። የወሎና የጅማ አንባቢዎቼ ቃሉ አዲስ አይሆንባቸውም። አልጄሪያ የተወለዱ አንድ ትልቅ ዓሊም፣ ሙሐመድ ኢብን ዓሊ አስ-ሰኑሲ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ ምሥራቅ ሊቢያ መጥተው ጠሪቃቸውን፣ ማለትም የሱፊ ሥርዓታቸውን፣ ተከሉ። ምሥራቅ ሊቢያ ቂሬናይካ የሚባለው ነው። አብዛኛው በረሃ ሆኖ በስተሰሜን፣ ባሕሩ ዳር፣ ጀበል አኽደር የሚባል ደጋ አለው። አረንጓዴው ተራራ ማለት ነው። ሕዝቡ ከብት አርቢ፣ በጎሳ የተከፋፈለ፣ በውኃና በግጦሽ የሚጋጭ ነበር። ሰኑሲዎች በየጉድጓዱና በየሲራራው መንገድ ዛዊያ ሠሩ። ዛዊያው መስጊድ ነው፣ ደረሳ የሚቀራበት ነው፣ ነጋዴ የሚያድርበት ነው፣ ጎተራ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የተጣላ የሚታረቅበት ሸንጎ ነው። የቱርክ መንግሥት በወደብ ከተሞች ተቀምጦ ስሙ ብቻ ይጠራል፤ አገሩን የሚያስተዳድረው ዛዊያው ነበር።

ዑመር አል ሙኽታር የዚህ ቤት ልጅ ናቸው። በ1860 ገደማ በጦብሩቅ አካባቢ ከሚኒፋ ጎሳ ተወለዱ። ጀግቡብ በተባለው የሰኑሲዎች ትልቅ የትምህርት ቦታ ለዓመታት ቀሩ። በ1897 የአል-ቁሱር ዛዊያ ሼኽ ተደርገው ተሾሙ። የአካባቢው ሰው ለጠብ የቸኮለ ነው ይባል ነበር፤ እሳቸው እዚያ የተላኩት በማስታረቅ ስለታወቁ ነው። ቀጥሎ ወደ ቻድ ተልከው ከፈረንሳይ ጋር ተዋጉ። ጣሊያን በ1911 ትሪፖሊና ቤንጋዚ ሲያርፍ ሼኽ ዑመር ሃምሳ ዓመታቸው ነበር። እንግዲህ ትግሉን የጀመሩት ሌላው ሰው ጉልበቱ በሚደክምበት ዕድሜ ነው።

ቀጣዮቹን አሥር ዓመታት በፍጥነት ልለፋቸው። ቱርክ በ1912 ተዋውላ ወጣች። ሰኑሲዎች ቀሩ። አንዴ ውጊያ፣ አንዴ ስምምነት እየሆነ ቆየ። የጠሪቃው መሪ ኢድሪስ ከጣሊያን ጋር ተስማምተው አሚር ተባሉ፤ ኋላ ነገሩ እንዳላማረ አይተው በ1922 መጨረሻ ወደ ግብፅ ሄዱ። በዚያው ዓመት ሙሶሊኒ ሮም ላይ ሥልጣን ያዘ፤ የቆየው ስምምነት ሁሉ ተቀደደ። ጀበሉ ላይ ጦሩን ይዘው የቀሩት ሼኽ ዑመር ናቸው። ስድሳ አልፏቸዋል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ እምብርት ደረስን። እንዴት ቻሉ?

ጫካ ያለው ጦራቸው ትንሽ ነበር። በአንድ ጊዜ ሺህ ሰው ገደማ ቢሆን ነው። በየጎሳው «ዶር» በሚባል ቡድን ተከፍሏል፤ አንዱ ዶር ከመቶ እስከ ሦስት መቶ ሰው ይይዛል። አንድ ተዋጊ ሲሞት ጎሳው ሌላ ይልካል። ፈረስ ሲሞት ፈረስ ይተካል። ጣሊያን በየጊዜው «ይህን ያህል ገደልኩ» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል፤ በማግስቱ ቁጥሩ ያው ነው። ቆጥሮ መጨረስ አቃተው።

ስንቁስ ከየት ይመጣል? ከግብር። ሼኽ ዑመር ለጣሊያን «ገብተናል» ካሉት ጎሳዎች ሳይቀር ዘካና አሥራት ይሰበስቡ ነበር። ከፋዩ ደረሰኝ ይሰጠዋል። አዎ፣ ደረሰኝ! ዳኛ ነበራቸው፤ ክስ ይሰማሉ፤ ከግብፅ ድንበር በሚመጣው ንግድ ላይ ቀረጥ ያስከፍላሉ። በግና ግመል ወደ ግብፅ ይሄዳል፤ ስኳር፣ ሻይ፣ ሩዝና ጥይት ይመለሳል። ቀን ላይ የጣሊያን ሹም ቢሮው ተቀምጦ የገባውን ሕዝብ ይመዘግባል። ማታ ያው ሕዝብ ለሼኽ ዑመር ግብሩን ይከፍላል። ከጣሊያን የተሰጠው ጠመንጃ እንኳ ዞሮ ዞሮ ጫካ ይገባል። እኛ «የውስጥ አርበኛ» የምንለውን ያስቡ፤ ልዩነቱ እዚያ የውስጥ አርበኛው አገሩ ሙሉ መሆኑ ነው።

በ1929 ክረምት መግቢያ ላይ ባዶሊዮ ራሱ ሲዲ ረሑማ በተባለ ቦታ ከሼኽ ዑመር ጋር ተገናኝቶ ተደራደረ። ጣሊያኖች ከዚያ ወጥተው «ዑመር ገባልን» ብለው አስወሩ። እሳቸው ደግሞ አልገባሁም ብለው በይፋ አስተባበሉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ውጊያው ቀጠለ።

ግራዚያኒ የመጣው በ1930 መጀመሪያ ነው። ይህ ሰው ጨካኝ ነበር ማለት ለማንም አዲስ አይደለም። እኔን የሚገርመኝ ግን ነገሩ የገባው መሆኑ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ጫካውን ያሳድዱ ነበር። እሱ ጫካውን ተወው። ደረሰኙን የሚቀበሉትን ሰዎች ነው የያዘው።

መጀመሪያ ዛዊያዎቹን ዘጋ። መሬታቸውንና ሀብታቸውን ወረሰ፤ ሼኾቹን በመርከብ ጭኖ ኡስቲካ ወደተባለች የጣሊያን ደሴት ላካቸው። በአውሮፕላን እየዞረ የሚፈርድ ፍርድ ቤት አቋቋመ። ዳኞቹ ያርፋሉ፣ ይፈርዳሉ፣ ይሰቅላሉ፣ ይነሳሉ። ለተዋጊ ስንቅ የሰጠ፣ መሣሪያ የደበቀ፣ ሁሉም ይሰቀላል። በሐምሌ 1930 ታዘርቦ የተባለችው የበረሃ መንደር ላይ የመርዝ ጋዝ ቦምብ ተጣለ። ይህ ማይጨው ላይ ከመርከፍከፉ ከአምስት ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው።

ከዚያ ትልቁ መጣ። በሰኔ 1930 ባዶሊዮ ለግራዚያኒ ደብዳቤ ጻፈ። ፍሬ ነገሩ፦ ተዋጊውንና ሕዝቡን እንለያይ፤ ይህ የቂሬናይካን ሕዝብ በሙሉ ማለቅ ቢጠይቅም እስከ መጨረሻው እንሂድበት። የጀበሉ ሕዝብ፣ መቶ ሺህ ገደማ ሰው፣ ከነከብቱ ተነድቶ ወደ በረሃው ዳርቻ ወረደ። ሱሉቅ፣ መግሩን፣ አጌይላ፣ ብሬጋ። እነዚህ ስሞች ለሊቢያዊ የሚሰሙት ለእኛ የካቲት 12 እንደሚሰማው ነው። በሽቦ ታጥረው፣ በድንኳን ውስጥ፣ በረሃብና በበሽታ አለቁ። የሞተው ከአርባ ሺህ በላይ እንደሆነ ይገመታል፤ ከዚያ በጣም የሚያስበልጡትም አሉ። መላው ቂሬናይካ ሁለት መቶ ሺህ ገደማ ሰው ብቻ የሚኖርበት አገር እንደነበር ያስታውሱ። ከብቱም አብሮ አለቀ። ጎሳ ያለ ከብት ምን ይሆናል?

ሼኽ ዑመር ከዚያ በኋላ የቀራቸው ባዶ ተራራ ነው። ግብር የሚከፍል የለም። የሞተ የሚተካ የለም። በጥር 1931 ደቡብ በረሃ ውስጥ ያለችው ኩፍራ ተያዘች። በዚያው ዓመት ከባርዲያ ወደብ እስከ ጀግቡብ ድረስ 270 ኪሎ ሜትር ያህል የሽቦ አጥር ተዘረጋ፤ የግብፅ መንገድም ተዘጋ። ይህም ሆኖ ሽማግሌው ሕዝቡ ከተነዳ በኋላ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ቆዩ። ይህ የመጨረሻው ዓመት ነው ለእኔ ከሃያው ሁሉ የሚከብደኝ። «ወደ ግብፅ ውጣ» ሲባሉ እምቢ አሉ። ቀደም ብሎ በአንድ ውጊያ ላይ መነጽራቸው ወድቆ ጣሊያን እጅ ገብቶ ነበር፤ ግራዚያኒ «መነጽሩ ከመጣ ጭንቅላቱም ይከተላል» ብሎ ፎከረ ይባላል።

መስከረም 11 ቀን 1931 ስሎንታ አካባቢ ጥቂት ሰዎች ይዘው ሲንቀሳቀሱ ተከበቡ። ፈረሳቸው ተመታ። ተያዙ። በመርከብ ቤንጋዚ ተወሰዱና መስከረም 15 ቀን ፍርድ ቤት ቀረቡ። ችሎቱ ከአንድ ሰዓት እምብዛም አልዘለለም። የተመደበላቸው ጠበቃ ሎንታኖ የሚባል ጣሊያናዊ ሻምበል ነበር፤ ዕድሜያቸው ይታይ ብሎ ከልቡ ተከራከረ። ለዚህም ተቀጣ። ሞት ሲፈረድባቸው ሼኽ ዑመር ያሉት ማንኛውም ሙስሊም ሐዘን ቤት የሚለውን ነው፦ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን»፤ እኛ የአላህ ነን፣ ወደ እሱም ተመላሾች ነን ማለት ነው። በማግስቱ ሱሉቅ ላይ፣ ከካምፑ ተነድቶ በወጣ ሃያ ሺህ ሰው ፊት ተሰቀሉ። ሰባ ዓመት አልፏቸው ነበር። የተኳቸው ዩሱፍ ቡ ረሒል በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ተገደሉ። ጥር 1932 ላይ ባዶሊዮ «አለቀ» ብሎ አወጀ። በእርግጥም አልቆ ነበር።

ወደ እኛ ልምጣ። ከማንም በፊት ግን አንድ የማይመች ነገር ላንሳ። ሊቢያ ውስጥ ለጣሊያን ከተዋጉት መካከል ከ1912 ጀምሮ በየጊዜው የተላኩ ኤርትራውያን አስካሪዎች ነበሩ፤ ብዛታቸው በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። «ትሪፖሊ ዘመተ» የሚባል አያት ያለው ሰው ዛሬም አስመራ ላይ አይጠፋም። ኋላ ደግሞ ነገሩ ተገላበጠ። በ1928 ዓ.ም. ኦጋዴን ላይ በጄኔራል ናዚ ሥር ሆኖ የወጋን የሊቢያ ክፍለ ጦር ነው። ከነዚያ ወታደሮች ስንቱ በሱሉቅ ሽቦ ውስጥ ዘመድ ቀብሮ ይሆን? ጣሊያን ክርስቲያኑን በሙስሊሙ ላይ፣ ሙስሊሙን በክርስቲያኑ ላይ ማሰማራት ይወድ ነበር። ደብረ ሊባኖስ ላይ ቃታ የሳቡት ሆን ተብለው የተመረጡ ሙስሊም አስካሪዎች ነበሩ። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ አሠራሩ እንዲታይ ነው። ከዚያችው ኤርትራ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም መውጣታቸውንም አብረው ያስቡ።

ግራዚያኒ ከግንቦት 1928 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ እንደራሴ ሆኖ ሲቀመጥ የያዘው ያንኑ የቂሬናይካ መጽሐፉን ነው። ገጽ በገጽ ይከተለዋል። መጀመሪያ ራሶቹን መቁረጥ። ወንድወሰን ካሣ ተረሸኑ። ወንድሞቻቸው አበራና አስፋወሰን ካሣ እጃችሁን ስጡ፣ አትነኩም ተብለው ፍቼ ላይ ተገደሉ። ራስ እምሩ ጎጀብ ወንዝ ላይ ተይዘው ወደ ጣሊያን ተላኩ። ራስ ደስታ ዳምጠው በየካቲት 1929 ተይዘው ተረሸኑ። ሊቢያ ላይ እንደተደረገው መኳንንቱ በመርከብ ወደ ጣሊያን ደሴቶች፣ ሌላው ደግሞ ሞቃዲሾ አጠገብ ወዳለው ዳናኔ ካምፕና ወደ ዳህላኳ ኖክራ ተጋዘ። ዳናኔ የሱሉቅ ታናሽ ወንድም ነው።

ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላ ግራዚያኒ አንድ የሚገርም ትእዛዝ አወጣ፤ አዝማሪዎችና ጠንቋዮች እየተያዙ ይገደሉ ብሎ። ብዙ ሰው ይህን የእብደት ሥራ ነው ይላል። እኔ አይመስለኝም። ሊቢያ ላይ ወሬውን፣ ግብሩንና እምነቱን የሚያገናኘው ክር ዛዊያው ነበር፤ ክሩን ቆረጠና ድል አደረገ። እኛ አገር ሲመጣ ያንኑ ክር ፈለገ። አዝማሪው ውስጥ ፈለገው፣ ባሕታዊው ውስጥ ፈለገው። ግንቦት 1929 ላይ ደብረ ሊባኖስ ያገኘው መሰለው። ጄኔራል ማሌቲ በቴሌግራም ታዝዞ መነኮሳቱን፣ ዲያቆናቱን፣ ለተክለ ሃይማኖት የመጣውን ምእመን ሳይቀር ጨረሰ። ግራዚያኒ ለሮም በላከው ሪፖርት መጀመሪያ 297 መነኮሳት ብሎ ነው የቆጠረው፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ከሺህ በላይ ያደርሱታል። በእኔ ግምት ለእሱ ደብረ ሊባኖስ የኢትዮጵያ ጀግቡብ ነበር።

ስህተቱም እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ አንድ ጀግቡብ አልነበራትም። ገዳሙ ሲጨፈጨፍ ሰላሌ ይብስበት ነበር እንጂ ጎጃም ስንቅ አይቋረጥበትም። ጎጃም በላይ ዘለቀን ሲያወጣ ሸዋ አበበ አረጋይን ይዟል፤ በጌምድር አሞራው ውብነህን። ሁሉም በየወንዙ ነው። እርስ በርስ መጣላታቸው፣ በማዕረግ መናናቃቸው ብዙ ተጽፏል፤ እውነትም ነው። ግን ያ ብትንትን ማለታቸው ነው ያተረፋቸው። ከላይ የቆረጥከው ከታች ይበቅላል። ግራዚያኒ ራሶቹን ጨርሼ አገሩን አረጋጋሁ ባለ በወራት ውስጥ፣ በ1929 ክረምት ማለቂያ ላይ፣ ላስታ በደጃዝማች ኃይሉ ከበደ፣ ጎጃምና በጌምድርም በየፊናቸው ተነሡ። ደጃዝማች ኃይሉን አንገታቸውን ቆረጡ። አመፁ ግን አልቆመም።

ሁለተኛው ነገር ሒሳብ ነው። መቶ ሺህ ሰው ሽቦ ውስጥ ይገባል። ከአሥር ሚሊዮን በላይ የሆነን ገበሬ ማን ያጥረዋል? ጀበሉ ከባሕሩ የራቀ አይደለም፤ ከወደቡ በካሚዮን በአንድ ቀን ይደረሳል። የዓባይ በረሃ፣ የጅሩ ገደል፣ የሰሜን ተራራ ሌላ ነገር ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ካሚዮኑ ጭቃ ውስጥ ይቀራል፤ አርበኛው ያርፋል፣ ያርሳል፣ ያጭዳል።

ሦስተኛው ዕድል ነው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። አርበኞቻችንም ተዳክመው ነበር። ራስ አበበ አረጋይ በ1932 ዓ.ም. ከዚያው ኦጋዴን ላይ ካነሳሁት ከናዚ ጋር ድርድር ውስጥ ገብተው ነበር፤ ጊዜ ለመግዛት ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፣ እኔም ወደዚያ አደላለሁ። ሲዲ ረሑማን ያስታውሰኛል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ሼኽ ዑመርን ማንም አልደረሰላቸውም፤ ጣሊያን በ1930 ሌላ ጦርነት የለበትም፣ ሙሉ ጊዜውን ለእሳቸው ሰጠ። የእኛዎቹ ግን አራት ዓመት ያህል ከያዙ በኋላ ሙሶሊኒ በሰኔ 1932 ዓ.ም. ከሂትለር ጋር ሆኖ ዓለም ጦርነት ውስጥ ዘሎ ገባ። እንግሊዝ ትናንት አላየሁም ያለችውን አርበኛ በድንገት አየችው። «አርበኛ ባይኖር እንግሊዝ አያሸንፍም ነበር» እና «እንግሊዝ ባይመጣ አርበኛ ያልቅ ነበር» እያልን የምንከራከረው ነገር አለ። ሱሉቅን ካየሁ በኋላ ያ ክርክር ብዙም አይጥመኝም። ዋናው እስከዚያ ቀን መቆየታቸው ነው።

ስለ ሰዎቹ መጨረሻም ልጨምር። ደብረ ሊባኖስን የጨረሰው ማሌቲ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በታኅሣሥ 1940፣ ግብፅ በረሃ ላይ፣ ኒቤይዋ በተባለ ካምፕ፣ እንግሊዞች ጎሕ ሲቀድ ደርሰውበት ተገደለ። የሚመራው የሊቢያ ወታደሮችን ነበር። ግራዚያኒ በዚያው ዘመቻ ላይ ከመቶ ሺህ በላይ ሠራዊት አስማርኮ ሥልጣኑን ለቀቀ። ኢድሪስ በ1951 የነጻዋ ሊቢያ ንጉሥ ሆነው ተመለሱ። የሼኽ ዑመር ፊት ዛሬ በሊቢያ አሥር ዲናር ላይ ታትሞ ገበያ ለገበያ ይዞራል።

ግራዚያኒ በ1950 በራሱ አገር ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀረበ። ችሎቱ እንደ ሼኽ ዑመር በአንድ ሰዓት አላለቀም። 19 ዓመት ተፈረደበት። ክሱ ከጀርመኖች ጋር መተባበሩ ነበር። ሱሉቅ አልተነሳም፤ የካቲት 12ም ደብረ ሊባኖስም አልተነሱም። ከጥቂት ወራት በኋላ ተፈታ። በ1955 ሮም ላይ አልጋው ላይ ሞተ።